በዚያው ካሜራ

አማች፦ እኔ የሚታየኝ በርጩማ ነው።

ፎቶ አንሺ፦ በርጩማ መሆኑንማ ዓይነ ስውርም በዳበሳ ያውቀዋል! ነፍስ ይታይሃል ወይ ነው የምልህ?

አማች፦ የማን ነፍስ? የበርጩማው?

ፎቶ አንሺ፦ የፎቶው!

አማች፦ እኔ የበርጩማውን መስሎኝ። እሱንማ ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ከሚስማርና ከኮላ በቀር ያስገባሁበት ነገር የለም።

ፎቶ አንሺ፦ በለው! እኔ ስለ ጥበብ አወራለሁ፣ እሱ ስለ ኮላ ያወራል።

አማች፦ ኮላው ባይኖር እኮ ጥበብህ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይዘረራል።

(አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ናቸው። ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከፊቱ የጃንጥላ መብራት፣ ደንበኛ ፀጉሩን የሚያይበት መስታወት፣ ከመስታወቱ ጋር በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፤ ያልታሰሩት ሁሉ ከደንበኛ ጋር አብረው ስለወጡ ነው የታሰረው። ፎቶ አንሺው ጠረጴዛው ላይ የበርጩማ ፎቶ ደርድሮ እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጧል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ደህና ፎቶ አልወጣውም። ሰው ቢያነሳ ሰውየው ይደርቅበታል፤ በመጨረሻ ሰው ትቶ ወደ በርጩማ ዞረ፣ በርጩማውም ደረቀበት። አጠገቡ የቆመው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ጎረቤት ሱቅ ያለው ፍሬም ሠሪ። ዘመድ ሁሉ «እሱ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው» ይለዋል፤ እሱም አስተባብሎ አያውቅም።)

ፎቶ አንሺ፦ ይህም ሞቷል። ይህም ሞቷል። ይህም።

አማች፦ ይቺኛዋ ትንሽ የምትተነፍስ ይመስለኛል።

ፎቶ አንሺ፦ እሷ እጄ ተንቀሳቅሶ የደበዘዘችዋ ናት።

አማች፦ ታዲያ መንቀሳቀስ የሕይወት ምልክት አይደለም?

ፎቶ አንሺ፦ ኧረ በፈጠረህ! ጥፋቱ የካሜራው ነው። አለቀ።

አማች፦ የትኛው ካሜራ?

ፎቶ አንሺ፦ የአሁኑ።

አማች፦ የባለፈውም ጥፋቱ የካሜራው ነበር።

ፎቶ አንሺ፦ የባለፈው ቀላል ነዋ! አየር ጨብጬ ሰው የማነሳ ነበር የሚመስለኝ።

አማች፦ ከሱ በፊት ያለውስ?

ፎቶ አንሺ፦ እሱ ከባድ። አንገቴን ሊሰብረኝ ምንም አልቀረው።

አማች፦ የአሁኑስ? ከባድ ነው ቀላል?

ፎቶ አንሺ፦ የአሁኑ ብልጥ ነው። ብልጠቱ ልክ የለውም። ፊት ያውቃል፣ ጥርስ ያውቃል፣ ሰው ካልሳቀ አላነሳም ይላል።

አማች፦ እንዴ! ያ ሰውዬ ለጉርድ ፎቶ መጥቶ እስከ ምሳ ሰዓት የተቀመጠው በዚህ ነው?

ፎቶ አንሺ፦ ለጉርድ ፎቶ መሳቅ ክልክል ነው አሉ። ሰውዬው አልስቅም፣ ካሜራው አላነሳም። ተፋጠጡ።

አማች፦ ማን አሸነፈ?

ፎቶ አንሺ፦ ማዶ ያለው ስቱዲዮ።

(አማች ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ፎቶ አንሺው ደግሞ በመስኮቱ ማዶውን በዓይኑ ገረፍ አደረገው፤ ማዶ ደጃፉ ላይ ሰው ተሰልፏል።)

አማች፦ እኔንስ ማን አሰበኝ? አንተ ካላነሳህ እኔ ምን አስገባለሁ? የሱቄ ግድግዳ ባዶ ፍሬም በባዶ ፍሬም ሆኗል። በቀደም አንዲት ሴትዮ ገብተው ቀና ብለው አዩና «እነዚህ የማይታዩት ሰዎች ምኖችህ ናቸው?» አሉኝ።

ፎቶ አንሺ፦ ምን አልካቸው?

አማች፦ ምን እላለሁ? ዘመዶቼ ናቸው አልኳቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ወጡ።

ፎቶ አንሺ፦ ስማኝ አማቼ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሌላ ካሜራ ነው። ካሜራ ማለት የፎቶ አንሺ ሦስተኛ ዓይን ነው።

አማች፦ ሁለቱስ ምን ሆኑ?

ፎቶ አንሺ፦ ሁለቱ ያያሉ፤ ሦስተኛው ይመለከታል።

አማች፦ (ቆም ብሎ አሰበበትና) አልገባኝም፤ ግን ያምራል። ይልቅ እማዬ ዛሬ ከሰዓት ፎቶ ልትነሳ ትመጣለች። ቀሚሷን ስታስተኩስ ትቻት ነው የመጣሁት።

(የፎቶ አንሺው እጅ ላይ የነበረው የበርጩማ ፎቶ መሬት ወደቀ።)

ፎቶ አንሺ፦ እማማ? ዛሬ? ሌላ ቀን ይምጡ አላልኳቸውም?

አማች፦ ሁለት ጊዜ ብለሃታል። መጀመሪያ ደመና ነው አልካት፤ ቀጥሎ ፀሐዩ በዛ አልካት። አሁን ሦስተኛ ሰበብ ብትሰጠኝ ማዶ እሄዳለሁ ብላለች።

ፎቶ አንሺ፦ ማዶ?! የኔ አማት ማዶ? በኔ መስኮት ፊት ለፊት አቋርጠው? ከዚያ በኋላ ማን እኔ ጋ ይመጣል? «የአማቱን ፊት ማንሳት ያቃተው» ተብዬ ልቀር ነው!

አማች፦ ፍሬሙን እኔ ጨርሻለሁ። ከአባቴ ፍሬም ጋር መንታ ነው፤ ሳሎን ጎን ለጎን ሊሰቀሉ ነው።

(የአባትየውን ፎቶ በዚህ ቤተሰብ የማያውቀው የለም። ሰውየው በሕይወታቸው ሲስቁ ያያቸው ሰው አልነበረም፤ ሠርግ ላይም ቢሆን ፊታቸው እንደተቋጠረ ነው የገቡት፣ እንደተቋጠረ የወጡት። ፎቶው ላይ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ፣ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ይታያሉ። ያነሳቸው ፎቶ አንሺው ነው፤ ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ የገባ ቀን። ስሙ የተጠራውም፣ ስቱዲዮ የከፈተውም በዚያ ፎቶ ነው።)

ፎቶ አንሺ፦ ያ ፎቶ! ብርሃኑ ከግራ ገብቶ ጉንጫቸውን ዳበስ አድርጎ…

አማች፦ እማዬም እኮ እሱን ነው የምትለው። «ባሌን ባነሳበት በዚያው ካሜራ ያንሳኝ። በሌላ እንዳይሞክር» ብላለች።

ፎቶ አንሺ፦ በዚያው?

አማች፦ በዚያው። አለ አይደል?

ፎቶ አንሺ፦ አለ።

አማች፦ የት?

ፎቶ አንሺ፦ እ… በዚህ ዓለም ላይ አለ።

አማች፦ እሱማ የጠፋ ነገርም በዚህ ዓለም ላይ ነው ያለው። መሳቢያ ውስጥ ነው?

ፎቶ አንሺ፦ ሰው ጋ ነው።

አማች፦ አዋስከው?

ፎቶ አንሺ፦ በለው አዋስኩት። እንዳይመለስ አድርጌ አዋስኩት።

አማች፦ (እጁን አፉ ላይ ጭኖ) ሸጥከው!

ፎቶ አንሺ፦ አልሸጥኩትም! ካሜራ ነጋዴው ጋ በሌላ ለወጥኩት እንጂ!

አማች፦ አልሸሹም፣ ዞር አሉ። እህቴ ታውቃለች?

ፎቶ አንሺ፦ እህትህ ብታውቅ እኔን እዚህ በጤና ታገኘኝ ነበር?

አማች፦ ሄደህ አልጠየቅከውም ነጋዴውን?

ፎቶ አንሺ፦ ሄጃለሁ። «ያኑ ዕለት አንድ ኮላ ኮላ የሚሸት ሰው ወሰደው» አለኝ። አሁን ኮላ የሚሸት ሰው ከየት አባቴ ፈልጌ ላመጣ ነው?

አማች፦ (እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ) አስቸጋሪ ነው።

ፎቶ አንሺ፦ አስቸጋሪ!

አማች፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ፎቶ አንሺ፦ ተረትህን ተውልኝ! መላ አለኝ። የአሮጌው የቆዳ ቦርሳ እኔ ጋ ቀርቷል፤ ነጋዴው እንኳ አልፈለገውም። ብልጡን ካሜራ እሱ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እማማ ቦርሳውን ሲያዩ «እሱው ነው» ይላሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ካሜራ ከካሜራ አይለዩም።

አማች፦ ብልጡ ካልሳቀች አላነሳም ቢልስ? እማዬን ታውቃታለህ። ከተፋጠጡ የሚያለቅሰው ካሜራው ነው።

(ይህ እውነት ነው፤ ፎቶ አንሺው ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ክፍሏን ይዞራት ጀመር። አማች ደግሞ ሲገባ በር ሥር ያስቀመጠውን ማዳበሪያ ጎተተ፤ ሰጋቱራ ተበተነ።)

አማች፦ እኔ እንኳ አንድ ካሜራ ነገር ነበረኝ።

ፎቶ አንሺ፦ አንተ? ካሜራ ምን ያደርግልሃል?

አማች፦ ምንም። በፍሬም የለወጥኩት ነው። ዝም ብሎ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀምጧል።

ፎቶ አንሺ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ላንተ ነው። ወዲህ በለው።

(አማች ካሜራውን አወጣ፣ በእጅጌው ጠራረገ፣ የሌንሱን ጥቁር ክዳን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አጠበቀና ሰጠው። ካሜራው ዙሪያውን ቀይ ቆዳ ለብሷል። ፎቶ አንሺው እንደ ጨቅላ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ፊቱም ወዲያው ተለወጠ።)

ፎቶ አንሺ፦ አማቼ።

አማች፦ አቤት።

ፎቶ አንሺ፦ ምን እንደያዝክ ታውቃለህ?

አማች፦ አንተ ንገረኝ።

ፎቶ አንሺ፦ አታውቅም! እንዲህ ያለውን በሕልምህም አታየውም። ክብደቱ! ከባድ አይደል፣ ቀላል አይደል። እጅ ላይ ቁጭ ይላል። ቆዳውን አየኸው? እንዲህ ያለ ቆዳ እዚህ አገር አይገኝም።

አማች፦ ሶፋ ላይ ያየሁት ይመስለኛል።

ፎቶ አንሺ፦ ሶፋ! ጌታዬ፣ ይህን የሚሰፉት በእጃቸው ነው።

አማች፦ በእጅ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ግን ስም የለበትም እኮ።

ፎቶ አንሺ፦ ስም የሚጽፉት ርካሾቹ ናቸው። የሚያውቅ ያውቀዋል ብለው ነው የተዉት።

አማች፦ ጎኑ ላይ ይቺ ስርጉድስ?

ፎቶ አንሺ፦ የአውራ ጣት ማረፊያ ናታ! እያት፣ አውራ ጣቴ ልክክ አለች። ለሰው አስበው ሲሠሩ እንዲህ ነው። የኔው አሮጌ ጎኑ ላይ ስርጉድ ነበረበት፤ ግን እሱ ልጄ ከጠረጴዛ ጥላው ነው። ጉዳት ሌላ፣ ጥበብ ሌላ።

አማች፦ ታዲያ ከአሮጌው ጋር አይመሳሰሉም?

ፎቶ አንሺ፦ (ከት ብሎ ሳቀ) ሰማይና ምድር! አየህ፣ አለማወቅ ደግ ነው፤ አያስጨንቅም።

አማች፦ እሱስ ልክ ነህ። ሌንሱን አታየውም?

ፎቶ አንሺ፦ ሌንስ የሚያይ ጀማሪ ነው። እኔ ከክብደቱ አውቄዋለሁ። ደግሞ ማያ ቀዳዳውን ተመልከት፤ ከሌንሱ ተለይቶ ለብቻው ነው። ሌንሱ የራሱን ያያል፣ አንተ የራስህን ታያለህ። ነፃነት ማለት ይህ ነው!

(ለብቻው ባለው ቀዳዳ በደስታ አየበት፤ ዓለም ጥርት ብላ ታየችው። ከዚያ አሮጌውን የቆዳ ቦርሳ ከመሳቢያ አወጣና ቀዩን ካሜራ ከተተው። ካሜራው ሳያስቸግር ልክክ ብሎ ገባ፤ የቦርሳው ጎን ላይ ያለችው ጎድጓዳም የካሜራው ስርጉድ ላይ ገጠመች።)

አማች፦ ኧረ! እንዴት ገጠመ?

ፎቶ አንሺ፦ የሠለጠነ ሰው የሚሠራው በአንድ ልክ ነው። ፍሬም ሠሪ ሆነህ ይህን አለማወቅህ ይገርመኛል።

አማች፦ ስርጉዷም በልክ ነች?

ፎቶ አንሺ፦ ሁሉም በልክ ነው! አሁን በርጩማው ላይ ቁጭ በል። እማማ ሳይመጡ ልሞክረው።

(ከመሳቢያ ፊልም አውጥቶ አጎረሰው፣ የጃንጥላውን መብራት አበራ፣ አንድ ጉልበቱ ላይ ተንበረከከ። አማች ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። ካሜራውን ቀና ብሎ አየ፤ ወዲያው ጉንጩ ተነፋ።)

ፎቶ አንሺ፦ ምን ሆንክ?

አማች፦ ምንም።

ፎቶ አንሺ፦ ቀጥ በል። ብርሃን ማለት ዝም ብሎ መብራት አይደለም። ብርሃን በር ይፈልጋል። በሩ ይሄ ነው። (ሌንሱ ያለበትን በጣቱ ጠቆመ።) በዚህ በር የማይገባ ነገር የለም!

አማች፦ (ትከሻው እየተንቀጠቀጠ) ምንም… ምንም አይገባም?

ፎቶ አንሺ፦ ሁሉም ይገባል አልኩህ እንጂ! አትሳቅ! ቆይ ቆይ ቆይ… ሳቅ! እሱን ሳቅ! አምላኬ፣ የአባትህ ሳቅ ነው! እንደሱው ከንፈርህን ንከስ! (ቀጭ።) አዎ! (ቀጭ።) ወደ መስኮቱ! (ቀጭ።)

(ወለሉ ላይ ተኛ፣ ተነሳ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ የማበጠሪያው ገመድ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፣ አላወቀውም። ክረምቱን ሙሉ እንደ እንጨት ደርቆ የነበረ እጁ ዛሬ ሳያዘው ይሠራል። ደስ አለው። ደስታው እንደ ልጅነቱ ነበር፤ ፊልሙን እስኪጨርስ ተጫነ። አማች ሆዱን ይዞ ከበርጩማው ሊወድቅ ደርሷል።)

ፎቶ አንሺ፦ ነፍስ! አገኘኋት! ፊልሙ ሳይታጠብ አውቀዋለሁ፤ እጅ ያውቃል። (ድንገት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ዝቅ አለ።) አማቼ… የሆዴን ልንገርህ?

አማች፦ ንገረኝ።

ፎቶ አንሺ፦ እኔ እኮ ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ካሜራ ስለውጥ የከረምኩት ካሜራ ስለጠላሁ አይደለም። ፈርቼ ነው። ሁሉንም ለውጬ ሁሉም እምቢ ካለኝ፣ ያልተለወጠው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። እማማን ያሸሸኋቸውም ለዚህ ነው። እሳቸውን አንስቼ ፎቶው ቢሞትብኝ ግድግዳ ላይ ከአባትህ ጎን ይሰቀላል። በየበዓሉ፣ በየልደቱ ሄጄ ሬሳውን ላየው ነው።

(አማች መሳቁን ተወ። ዓይኑን ጠረገ። ይህን ሰው ይወደዋል፤ እህቱም ትወደዋለች፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚለውን በቀስታ አለው።)

አማች፦ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ።

ፎቶ አንሺ፦ ዛሬ በምንም አልቀየምም።

አማች፦ ክዳኑ አልተነሳም።

ፎቶ አንሺ፦ የምን ክዳን?

(ፎቶ አንሺው ጣቱን ወደ ሌንሱ ላከ። ጣቱ ብርጭቆ አላገኘም። ጥቁሩን ክዳን ቀስ ብሎ አነሳና ገለበጠው። ክዳኑ ውስጥ በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ፤ «አትርሳኝ» ይላል። ተማሪ ሳለ ክዳን ማንሳት እየረሳ ቢያስቸግረው ራሱ የጫረው ነው። በውስጥ በኩል ስለጻፈው ግን የሚታየው ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ብቻ ነበር።)

ፎቶ አንሺ፦ ይህ… የኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

አማች፦ ነው።

ፎቶ አንሺ፦ ኮላ የሚሸተው ሰው…

አማች፦ ብታጠበውም አይለቅም።

ፎቶ አንሺ፦ ቆዳውስ?

አማች፦ ከሶፋ የተረፈ ነው። ስሙ ላይ ቀለም ቀባሁበት። የአውራ ጣት ማረፊያዋን የሠራችው ልጅህ ናት።

ፎቶ አንሺ፦ ሰማይና ምድሩስ?

አማች፦ እሱን አንተ ነህ የሠራኸው። እኔ አንድም ውሸት አልተናገርኩም።

ፎቶ አንሺ፦ ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ስቃጠል አንተ ሰጋቱራ ውስጥ ይዘኸው ነበር?!

አማች፦ በነጋታው ላመጣልህ ነበር እኮ። እማዬ ናት «አሁን ብትሰጠው መልሶ ይለውጠዋል፤ ፈልጎ እስኪያጣው ጠብቅ» ያለችኝ።

ፎቶ አንሺ፦ እማማ ያውቃሉ?!

አማች፦ ባታውቅ «በዚያው ካሜራ» ትላለች?

(ፎቶ አንሺው አፈረ። በዚህ ዕድሜያቸው ካሜራ ከካሜራ አይለዩም ያለው ትዝ አለው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።)

ፎቶ አንሺ፦ እኔ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እልሃለሁ።

አማች፦ ልክ ነሃ። ሞኙ አለቀቀም። የለቀቀው ብልሁ ነው።

ፎቶ አንሺ፦ ይሁን። ይሁን! የአባትህ ፎቶ ግን ምስክሬ ነው። የዚያን ቀን ብርሃኑን ያነበብኩት እኔ ነኝ!

አማች፦ እሱንም ልንገርህ? ማን ይናገር የነበረ፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር።

ፎቶ አንሺ፦ (በፍርሃት) ምን አየህ?

አማች፦ ክዳኑን ሳታነሳ ለአባቴ ስለ ብርሃን ስታስተምረው አየሁ። «ብርሃን በር ይፈልጋል» ስትለው ያን ክዳን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። እንግዳ ነህ፣ ልጁን ልትጠይቅ የመጣህ ነህ፣ እንዴት ይሳቅብህ? እንባው መጣ። እህቴ ውኃ ይዛ በጎንህ አለፈች፤ ስታልፍ ክዳኑን በሁለት ጣቷ ላጥ አደረገችው። አንተ ዓይንህ ቀዳዳው ላይ ነው፣ አላየህም። ቀጭ አደረግክ።

ፎቶ አንሺ፦ እህትህ… አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።

አማች፦ ስትሄድ እማዬ «ልጃችንን ለዚህ እንስጥ?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ ምን አለ መሰለህ? «እንስጠው። ክዳን የሚያነሳለት ሰው ያስፈልገዋል።»

(ፎቶ አንሺውን መጀመሪያ የተሰማው ውርደት ነበር። ቀጥሎ ግን የአባትየው የተነከሰ ከንፈር ድቅን አለበትና ከሆዱ አንዳች ነገር ተነሳ፤ ሲወጣ ሳቅ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቅ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳቀው።)

አማች፦ ዘንድሮ የጎደለህ ካሜራ እንዳይመስልህ። የሚስቅብህ ሰው ነው። ያ ብልጡ ክዳን ስትረሳ ይጮሃል፤ ታዲያ ማን ይሳቅብህ?

(በሩ በጃንጥላ እጀታ ተንኳኳ። እማማ ገቡ። ቀሚሳቸው እንደ ወረቀት ተተኩሷል፤ ፊታቸው ደግሞ ከቀሚሱ ይብስ የተተኮሰ ነው። ሰላምታ በአገጫቸው ሰጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው ዘሎ ተነሳ፤ ቀዩን ካሜራ ይዞ ጀርባውን ሰጣቸው፣ አዲስ ፊልም ቀየረ፣ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የቀሚሳቸውን አንገትጌ አስተካከለ፣ ጆሯቸው ሥር ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ሄደ።)

ፎቶ አንሺ፦ እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይኸው በዚያው ካሜራ። ልብሱን ቀየረ እንጂ እሱው ነው።

(አማች በመጋረጃው ጫፍ፣ እማማ በጎን በሚያዩት በኩል ቆሞ አየ። ጥቁሩ ክዳን ሌንሱ ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል።)

አማች፦ (በሹክሹክታ) አማቼ!

ፎቶ አንሺ፦ ብርሃን፣ እማማ፣ ዝም ብሎ መብራት አይደለም። ብርሃን በር ይፈልጋል።

አማች፦ አማቼ! ክዳኑ!

ፎቶ አንሺ፦ ሥራዬን ለኔ ተው። በሩ ደግሞ ይኸው ነው፣ እማማ…

አማች፦ (በእጁ ክዳን እየከፈተ እየዘጋ) ኧረ ክዳኑ! እህቴ የለች! ማን ያንሳለት! አንተ ሰው፣ ማዶ ልትሄድብህ ነው! ክዳኑ!

(አማች ካሜራው እንዳያየው አንገቱን ቀብሮ በአንድ እግሩ ይዘላል፣ ባርኔጣውን አውልቆ ያሳያል፣ መልሶ ይደፋል፣ ደግሞ ያወልቃል። ክንዱ የጃንጥላውን መብራት ነካው፤ ሊወድቅ ሲል አቀፈው፤ አቅፎት ተሽከረከረ። የእማማ አገጭ ተንቀጠቀጠ። ከንፈራቸውን ነከሱ። ዓይናቸው ሞላ። ፎቶ አንሺው ማያ ቀዳዳው ላይ እንዳለ ግራ እጁ ወደ ሌንሱ ሄደ፤ ክዳኑን ላጥ አደረገው። ቀጭ።)

ፎቶ አንሺ፦ ጨረስን እማማ። አንዷ ትበቃለች።

(እማማ አሁን ያለ ልክ ሳቁ። አማች መብራቱን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ።)

አማች፦ አልረሳኸውም ነበር?

ፎቶ አንሺ፦ አልረሳሁትም።

አማች፦ ታዲያ እማዬ የረሳኸው መስሏት ነዋ የሳቀችብህ። ልክ እንደ አባቴ።

ፎቶ አንሺ፦ በኔ መሰለህ የሳቁት?

አማች፦ ታዲያ በማን?

ፎቶ አንሺ፦ አንገትጌያቸውን ሳስተካክል በጆሯቸው ነግሬያቸዋለሁ። «ክዳኑ ይቆይ፤ እርስዎ መጋረጃው ሥር ያለውን ልጅዎን ብቻ ይዩ» ነው ያልኳቸው።

(አማች ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው ይሉታል። ገባው። አፉ ይበልጥ ተከፈተ። ቀጭ።)

ፎቶ አንሺ፦ ይቺን ደግሞ አንደኛው ባዶ ፍሬም ውስጥ ክተታት። ከዘመዶችህ መሃል አንዱ እንኳ ይታይ።